«ወፈርክሳ!» በወገዳና በቦሌ

ሲጋራ ያቆመ ሰው ይወፍራል። ሁሉም ባይሆን አብዛኛው። ይሄንን ሐኪሞቹ ያውቁታል፣ ሲጋራ አምራቾቹ ያውቁታል፣ አቁሞ ያየው ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቀው «ከነገ ጀምሮ በቃኝ» ብሎ ዛሬ የመጨረሻዋን ፓኮ የገዛው ልጅ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ የምንለው፣ ለምን ቀድሞ አይነገረውም?

ነገሩን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ የወገዳ ልጅ ጓደኛ አለን። አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ስምንት ዓመት ያጨሰውን ሲጋራ ድንገት አቆመና ሰባት ወር ሙሉ አልነካም። በስምንተኛው ወር ተመለሰበት። ምን ነካህ ስንለው «ሱሪ ሁሉ እምቢ አለኝ» አለን። እኛ ሳቅን፣ እሱ ግን አልሳቀም። ጭንቀት አልነበረበትም፣ ገንዘብ አላስቸገረውም፣ በፍቅርም አልተጣላም። ስምንት ኪሎ ጨምሮ ስለነበር ብቻ ነው።

ወገዳን ለማታውቋት፣ የስማዳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ደቡብ ጎንደር፣ ከጋይንትና ከእስቴ ጋር የምትዋሰን። ጓደኛችን ሲጋራ የጀመረው እዚያ አይደለም። እዚያ ሲጋራ ይዞ መታየት ማለት እናትን ሰው ፊት ማሳፈር ማለት ነው። በደገኛው ኦርቶዶክስ ዘንድ ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው የሚል አፈ ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት አጼ ዮሐንስ 4ኛማ ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ይነገርላቸዋል። (በማሸጊያ ላይ የሳንባ ፎቶ ከመለጠፍ የጠነከረ ፖሊሲ መሆኑን ማንም አይክድም። እኛ ግን ፎቶው ይሻለናል።) እናም የወገዳ ልጅ የሚያጨስ ከሆነ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወይ ከተማ ወጥቶ የለመደው ነው፣ ሲያጨስም ተደብቆ ነው። ተደብቆ የተጨሰ ነገር ደግሞ ተደብቆ ነው የሚቆመው። ይሄ ወደ ኋላ ይጠቅመናል፣ ያዙት።

ጓደኛችን ባቆመ በአራተኛው ወር ለጥምቀት አገሩ ገባ። እናቱ ገና ከበሩ ስታየው «እሰይ የኔ ልጅ! አሁን ሰው መሰልክ፣ ፊትህ መለስ አለ» ብላ እልል አለች። ጎረቤት መጣ። «ሥጋ አወጣህሳ!» «አዲስ አበባ ተስማማህ ማለት ነው!» «ደሞዝ ጨመሩህ መሰል!» አጎቱማ ከዚህ በኋላ ሚስት ብቻ ነው የሚቀርህ ብሎ ወሬውን ዘጋው። ልጁ ለምን እንደወፈረ ለአንዳቸውም ሊነግር አይችልም። «ሲጋራ አቁሜ ነው» ለማለት መጀመሪያ «አጨስ ነበር» ማለት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ፈገግ ብሎ የተሰጠውን ጠላ ጠጣ። በሕይወቱ ከባዱን ነገር አድርጎ ምስጋናው ለአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ገባ።

ወገዳዎች ውፍረትን ለምን እንደሚወዱ ለመረዳት ሶሲዮሎጂ ማጥናት አያስፈልግም። የ77ቱን ድርቅ ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ስማዳ፣ ታች ጋይንትና ላይ ጋይንት በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲ ኔት ሲጀመር ከገቡት ወረዳዎች መሀል ናቸው፤ ማለትም ከዓመቱ የተወሰኑ ወራት ጎተራው እንደሚጎድል መንግሥትም ያመነበት አገር ነው። እንዲህ ባለ አገር የልጅህ ጉንጭ ሲሞላ ማየት ዓመቱ በሰላም ማለፉን ማየት ነው። በዚያ ላይ በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሲያጠቃን የከሳ ሰው ሁሉ ይጠረጠር ነበር። ያኔ «ከሳህ» የሚለው ቃል ግማሽ መርዶ ነበር። «ወፈርክ» ደግሞ ምርቃት።

ታዲያ ይህ ልጅ ምርቃቱን ተቀብሎ ቦሌ ሲመለስ የጠበቀው ሌላ ነው። ቢሮ ውስጥ «ስንተኛ ወርህ ነው?» ተባለ። ሆዱን እየዳበሰ «ወንድ ነው ሴት?» ያለውም አለ። ጀለሶቹ ሙድ ያዙበት። (ከእነሱ መሀል አንዱ ራሱ ቦርጩን በቀበቶ አስሮ የሚዞር ነው፣ ስም አንጠራም።) ያው አንድ ሰውነት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ከወገዳ ቦሌ ድረስ ተጉዞ ከበረከት ወደ ነውር ተለወጠ። ጂም ተመዘገበ፣ ሁለት ቀን ሄደ፣ ተወው። ከዚያ ከጀብሎው ላይ አንድ ፍሬ ገዛ። ሁለተኛውን ለመግዛት ጂም አላስፈለገውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብን። ወገዳ ትክክል ናት፣ ቦሌ ተሳስቷል እያልን አይደለም። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል፤ የወገዳዋ እናት ይህን ማወቋ አይጎዳትም። ግን ሲጋራ አቁሞ የወፈረን ሰው በተመለከተ ብቻ ከሆነ ጥያቄው፣ ሒሳቡ ከእናቲቱ ጋር ነው። ሒሳቡን እንየው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጽሑፍ 62 ጥናቶችን ደምሮ ነበር። ያለ ምንም መድኃኒት ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ 4.7 ኪሎ ገደማ ጨምረዋል፤ አብዛኛው ጭማሪ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የመጣ ነው። አማካይ ግን ያታልላል። 16 በመቶዎቹ ጭራሽ ቀንሰዋል፣ 13 በመቶዎቹ ደግሞ ከ10 ኪሎ በላይ ጨምረዋል። እኛ ዘንድም ሁለት ያቆሙ አሉ፤ አንዱ ሰባት ኪሎ ጨመረ፣ አንዷ ምንም። የጓደኛችን ስምንት ኪሎ እንግዲህ ከአማካዩ በላይ ቢሆንም ተአምር አይደለም።

ትልቁ ቁጥር የሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ካቆሙ በኋላ ክብደት የጨመሩ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። የስኳር በሽታ ተጋላጭነታቸው ለተወሰነ ጊዜ ከፍ ብሏል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላይ ጣራ ነክቶ ከዚያ ቀስ እያለ ወርዷል። ሞትን በተመለከተ ግን ከ10 ኪሎ በላይ የጨመሩት እንኳ ማጨሱን ከቀጠሉት ሰዎች ጋር ሲተያዩ የመሞት ዕድላቸው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ስምንት ኪሎ ላለመሸከም ብሎ ወደ ሲጋራ መመለስ ማለት ዣንጥላው ከበደኝ ብሎ ዝናቡ ውስጥ እንደመግባት ነው።

ለምን ይወፈራል? ኒኮቲን ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛ አንጎል ውስጥ የጥጋብን ደወል ይደውላል፤ ሳትበላ የበላህ ይመስልሃል። ተማሪ እያለን ምሳ በአንድ ሲጋራና በአንድ ማኪያቶ የምናልፍባቸው ቀኖች ምሥጢራቸው ይኸው ነው። ሁለተኛ ሰውነት ከወትሮው ትንሽ ጨምሮ እንዲያቃጥል ያደርጋል፤ በቀን እስከ 200 ካሎሪ ይገመታል፣ ከአንድ እንጀራ ያነሰ ነገር ነው። ሲቆም ሁለቱም ይቀራሉ። በዚያ ላይ ምላስና አፍንጫ ከእንቅልፍ ይነቃሉ። ዓመታት ሙሉ ድርቆሽ ይመስል የነበረው ሽሮ ድንገት ሽሮ ይሆናል። እጅም ሥራ ፈቶ ወደ አፍ የሚወስደው ነገር ይፈልጋል።

ኩባንያዎቹ ይህን ከማንም ቀድመው ነው ሥራ ላይ ያዋሉት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ላኪ ስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ሲጋራ ሴቶችን ከጣፋጭ ይልቅ ሲጋራ አንሱ እያለ ያስተዋውቅ ነበር። በ1968 ደግሞ ስሙ ራሱ ቅጥነትን የሚሰብክ ቨርጂኒያ ስሊምስ መጣ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አላስፈለገም፤ የሚከሳ ሰው ሞልቶ ነበር። ግን ገበያው አሁን እኛን እያየ ነው። በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመንግሥት ሞኖፖል ሆኖ የተቋቋመው፣ ኒያላንና ግስላን የሰጠን ትምባሆ ድርጅት፣ 40 በመቶው በ2008 ዓ.ም. በ510 ሚሊዮን ዶላር ለጃፓኑ ጄቲአይ ተሸጠ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ተጨማሪ 31 በመቶ ገደማ በ434 ሚሊዮን ዶላር። ያን ሁሉ ዶላር ያወጣ ኩባንያ የገዛው ማሽን አይመስለንም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ኢትዮጵያዊ 5 በመቶ ነበር። ለጤና ጥበቃ ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ለነጋዴ ደግሞ ያልተነካ 95 በመቶ ነው።

መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት አይቻልም። አዋጅ 1112/2011 ማስታወቂያ ከለከለ፣ በዝግ የሕዝብ ቦታ ማጨስን ከለከለ፣ ከ21 ዓመት በታች ላሉ መሸጥን ከለከለ፣ የፓኮውን የፊትና የኋላ ገጽ 70 በመቶ ለማስጠንቀቂያ ያዘ። ሁሉም «አትጀምር» ወይም «አቁም» የሚሉ ናቸው። «ካቆምክ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ እንዲህ ትሆናለህ፣ አትደንግጥ» የሚል ግን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የኒኮቲን ማስቲካና ልጥፍ እ.ኤ.አ. በ2009 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። እነዚህ ነገሮች ክብደቱን ባያስቀሩትም ያዘገዩታል። የወገዳ ልጅ ግን ማስቲካውን ከየት ያመጣዋል? ኧረ የቦሌው ራሱ ከየት ያመጣዋል? መድኃኒቱ እስኪመጣ ቃሉ አይከፈልበትም። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ «ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ልትጨምር ትችላለህ፣ ለዚያ ተዘጋጅ» ለማለት ሠላሳ ሰከንድ አይፈጅባቸውም።

ያቆሙት ጓደኞቻችን ከሚሉት ደግሞ እንዲህ ለቅመናል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሲጋራንም እንጀራንም ባንድ ላይ ለመዋጋት አትነሱ፤ ሁለቱንም የገጠመ ሁለቱንም ይሸነፋል። አፍ ሥራ ሲፈልግ ቆሎ ሁነኛ ነው (የጋይንት ገብስ ቆሎ ኪሱ የሌለ የወገዳ ልጅ አናውቅም)፤ ችግሩ ጭብጥ በጭብጥ ሲደመር ማለቂያ የለውምና በኪስ እንጂ በሳህን አይሁን። ሁዳዴን ጠብቀው የሚያቆሙ አሉ፣ 55 ቀን ጥሩ መነሻ ነው፤ ግን ፋሲካ ላይ ሥጋውም፣ ጠላውም፣ «አንዷ ምን ታደርጋለች» የምትለዋ ሲጋራም አንድ ቀን ነው የሚመጡት። ለቀኑ አስቀድሞ ማሰብ ይሻላል። በእግር መሄድ ከጂም ይረክሳል። ሴት ጓደኞቻችን ደግሞ ከወንዶቹ ይልቅ ተደብቀው ያጨሳሉ፣ ስለ ኪሎም ከወንዶቹ የበለጠ ይሰደባሉ፤ እነሱ ላይ ሙድ መያዝ ያምራችሁ እንደሆነ ሌላ ገጽ ፈልጉ።

አንዲት የመጨረሻ ነገር፣ ስለ ቡና። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያጣራ ያደርጋል። ሲጋራው ሲቆም ያ ፍጥነት በግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ያው ሦስት ስኒ እንደ ስድስት ሆኖ ይሠራል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ሰውየው «ሱሱ ነው፣ አልቻልኩም» ብሎ ወደ ጀብሎው ይሄዳል። ከቶናው ቀርቶ በአቦሉ ብቻ ቢያቆም ምናልባት እጁ ዝም ይልለት ነበር።