ብዕርን በጊዜው ማሳረፍ

እንጀራ የምትጋግር ሴት ሁሉ እንደምታውቀው፣ ሊጥ ከቦካ በኋላ ጋጋሪዋን አይጠብቅም። ራሷን ቢያማት፣ እንግዳ ቢመጣባት ወይም ከመሥሪያ ቤት ዘግይታ ብትገባ፣ ቡሃቃው የራሱን ቀጠሮ ይዞ ይቀመጣል። በጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ የሚወጣ ዓምድም ጠባዩ ይኸው ነው። ጋዜጣው ወደ ማተሚያ ቤት የሚገባበት ሰዓት የጸሐፊውን ሕመም፣ ኀዘንና የቤት ጣጣ አይጠይቅም። ስለዚህም ዕድሜያቸው የገፋ የዓምድ ጸሐፊዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ይኸውም «እስከ መቼ?» የሚለው ነው።

ጥያቄው የጸሐፊዎች ብቻ አይደለም። ሠላሳ ዓመት በስፌት መኪና ፊት የተቀመጠች ሠራተኛም፣ ጠመኔ ሲያቦንባት የኖረች መምህርትም አንድ ቀን ትጠይቀዋለች። ልዩነቱ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ ሕጉ 60 ዓመት ብሎ ሲወስንላት፣ ለድርሰት ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ወሳኙ ራሱ መሆኑ ነው። ራስን በራስ ማሰናበት ደግሞ ቀላል አይደለም። በዚህ ረገድ የታወቁ የሦስት አሜሪካውያን ሴቶች ታሪክ ለሁላችንም ትምህርት ይሰጣል።

የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ኧርማ ቦምቤክ ናቸው። በኦሃዮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም. የተወለዱት እኚህ የሦስት ልጆች እናት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ለአንድ ትንሽ የአካባቢ ጋዜጣ መጻፍ ሲጀምሩ ለአንድ ጽሑፍ 3 ዶላር ብቻ ይከፈላቸው ነበር። ጠረጴዛቸው በመኝታ ቤታቸው ውስጥ በብሎኬት ላይ የተጋደመ ጣውላ ነበር። ስለ ልብስ አጠባ፣ ስለ ልጆች ጭቅጭቅና ስለማያልቀው የቤት ሥራ እያሳቁ የጻፉት ዓምድ ከጊዜ በኋላ በ900 ያህል ጋዜጦች ላይ ይወጣ ጀመር። ከጡት ካንሰር በኋላ የኩላሊት ሕመም ሲጸናባቸው እንኳ መጻፋቸውን አላቋረጡም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1996 ዓ.ም. ኩላሊት ተተካላቸው። በዚያው ወር በ17 የመጨረሻው ጽሑፋቸው ወጣ፣ በ22 ደግሞ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። እስከ መጨረሻው መጻፍ የራሱ ክብር አለውና ይህን ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን ብቸኛው መንገድ ይህ አይደለም።

ሁለተኛዋ ወይዘሮ አና ክዊንድለን ናቸው። በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ በሚጽፉት ዓምድ እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ስማቸው ገና በገነነበት ሰዓት፣ ልብ ወለድ ለመጻፍ ሲሉ ዓምዱን ለመተው ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. በኒውስዊክ መጽሔት ወደ ዓምድ ተመለሱ። በ2009 ዓ.ም. ሲሰናበቱ ግን የሰጡት ምክንያት ለወጣት ጸሐፊዎች ቦታ መልቀቅ ነበር። ሄዶ መመለስ፣ ተመልሶም መሄድ እንደሚቻል ከእርሳቸው እንማራለን።

ሦስተኛዋ ወይዘሮ ኤለን ጉድማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ በያዙበት መጽሔት፣ የመጻፉ ሥራ የወንዶች፣ መረጃ የመፈለጉ ሥራ የሴቶች ነበር። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ሠሩ፤ የጀመሩትም እንደዚህኛው ባለ የሴቶች ገጽ ላይ ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሥራና ስለ ሴቶች መብት ሲጽፉ ኖረው በ1980 ዓ.ም. ፑሊትዘርን ተሸለሙ።

ነገር ግን ታሪካቸውን ለዚህ ዓምድ አንባብያን የሚያቀርበው ሽልማቱ ሳይሆን የእናታቸው ነገር ነው። ወይዘሮ ጉድማን ዓምዱን በሚጽፉበት ዘመን እናታቸው አረጁ፣ አእምሯቸውም ደከመ። ለምሳ የሚፈልጉትን እንኳ መምረጥ የማይችሉበት ደረጃ ደረሱ። ይህ ምርመራ ይደረግላቸው? ይህ መድኃኒት ይሰጣቸው? እያሉ ሐኪሞች የሚጠይቁት ልጃቸውን ሆነ። እናትና ልጅ ብዙ ነገር የሚጫወቱ ወዳጆች ነበሩ። ስለ መጨረሻው ዘመን ግን አንድም ቀን ተነጋግረው ስለማያውቁ፣ ልጅ እናቷ ምን ትፈልግ እንደነበር ሳታውቅ መወሰን ግድ ሆነባት።

ወይዘሮ ጉድማን እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው የመጨረሻውን ዓምድ ጻፉ። ከቀጠሮ የተላቀቀውን ጊዜያቸውንም ለዚያ ሳይነገር ለቀረ ነገር አዋሉት። ከሌሎች ጋር ሆነው ቤተሰቦች ስለ መጨረሻው ዘመን ፍላጎታቸው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳይሆን፣ ሁሉም ደኅና ሳለ በማዕድ ዙሪያ እንዲነጋገሩ የሚያግዝ ድርጅት አቋቋሙ። በሥራ ጥድፊያ ዘመን ያመለጣቸውን በዕረፍት ዘመን ለሌሎች እናቶችና ልጆች መለሱት ማለት ነው።

በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ «ሟርት አታውሩ» ይባላል። ሆኖም እናት በአንደበቷ ሳትናገር ከቀረች ጭንቀቱ በልጆቿ ላይ ይወድቃል፤ አንዱ «ሆስፒታል ትሂድ»፣ ሌላው «በቤቷ ትረፍ» እያለ ወንድምና እኅት እስከ መቀያየም ይደርሳሉ። ከቡና በኋላ በእርጋታ የሚደረግ የአንድ ሰዓት ጨዋታ ይህን ሁሉ ሊያስቀር ይችላል።

ከሥራ ስለ መሰናበትም ጥቂት ምክር እንጨምር። የተቻላት ሁሉ ሥራን በአንድ ቀን ቆርጣ ከመጣል ቀስ በቀስ ብታቃልለው ይሻላል። በየሳምንቱ የሚጽፍ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቀጥሎም በየወሩ ሊያደርገው ይችላል። ጡረታዋ የቀረበ ሠራተኛም የመጨረሻውን ዓመት ተተኪዋን በማሠልጠን ልታውለው ትችላለች። ሁለተኛ፣ የሚለቀቀው ጊዜ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ይታሰብበት። ባዶ ቀን ያለ ሐሳብ ከተቀበሉት ይከብዳልና።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። እናት ከመሥሪያ ቤት ስትሰናበት «አሁንማ ሥራ ፈትታለች» ብሎ የልጅ ልጆችን፣ ገበያውንና የዕድሩን ሩጫ ሁሉ በእርሷ ላይ መከመር አይገባም። የልጅ ልጅ ማሳደግ ደስታ የሚሆነው በፈቃድ ሲሆን ነው። አርባ ዓመት የሰው ሰዓት ስትጠብቅ የኖረች ሴት የራሷን ሰዓት ብታገኝ ብድሯ ነው።

እንጀራ ጋጋሪዋ ምጣዱን ለልጇ ስትለቅ እርሾውን አትደፋም። ከራሷ ቡሃቃ ቀንሳ ትሰጣታለች፤ አጠገቧ ቆማም አንድ ሁለት ጊዜ ታሳያታለች። ከዚያ በኋላ ዱካዋን ስባ ትቀመጥና፣ ሌላ ሰው የጋገረውን ትቀምሳለች።