ኺብራሽስ?

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንዲት የአገሬ ልጅ ሪያድ፣ ባጥሃ ያለው ቤቴ መጣች። ደሴ ሒሳብ ተምራ የተመረቀች ናት። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቀችም፤ ፕላስቲክ ፎልደሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። «እትዬ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ የጎደለኝ ምንድን ነው?»

ዲግሪዋን አገላበጥኩት። ፊቱ ላይ ያለው ስሟና ማዕረጓ ነው። ጀርባው ግን ባዶ ቦታ የለውም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማኅተም አለ፤ ከሥሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፤ ጥግ ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የሳዑዲ ኤምባሲ ማረጋገጫ፣ ተስዲቅ የሚሉት። እያንዳንዷን ማኅተም አባቷ ከደሴ አዲስ አበባ እየተመላለሱ፣ ከሰልፍ ሰልፍ እየቆሙ ያስመቱላት ነው። ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) በባሏ ሥር ነው፤ ሙራፊቅ፣ ጥገኛ ማለት ነው። ሙራፊቅ የሆነች ሴት ደግሞ ትምህርት ቤቱ አጂር በሚባለው የሥራ ፈቃድ ሥርዓት ፈቃድ ካወጣላት የግል ትምህርት ቤት ማስተማር ትችላለች። ወረቀቷ ሙሉ ነው። የጎደላትን እስካሁን ከሄደችባቸው ስድስት ትምህርት ቤቶች በአንድ ቃል ሰምታዋለች፤ «ኺብራሽስ?» ልምድሽስ ማለታቸው ነው።

ይህን ጥያቄ እኔም አውቀዋለሁ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ የግል ትምህርት ቤት «ለሙከራ» ብሎ ሳምንት ሙሉ ክፍል አስገባኝ። የገባሁበት ክፍል የታመመች መምህርት ክፍል መሆኑን በሦስተኛው ቀን ከልጆቹ ሰማሁ። ሐሙስ ዕለት መምህርቷ ተሽሏት ስትመለስ እኔ «ጎበዝ ነሽ፤ የሁለት ዓመት ልምድ ይዘሽ ተመለሺ» ተባልኩ። የታክሲዬን እንኳ የሰጠኝ የለም። ከዚያ በኋላ ነው አንዲት ሱዳናዊት ርእሰ መምህርት ከአንዲት ነባር መምህርት ጋር ረዳት አድርጋ፣ በትንሽ ደመወዝ አንድ ዓመት ያስቀመጠችኝ። ዓመቱ ሲያልቅ በትምህርት ቤቱ ማኅተም የልምድ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። እንጀራዬ የቆመው በዚያች ደብዳቤ ላይ ነው። ርእሰ መምህርቷን እስከ ዛሬ በጸሎቴ ሳላነሣት አላድርም።

በአባቴ ዘመን ለጀማሪ መምህር ክፍል የሚሰጠው መንግሥት ነበር። አባቴ ከማሠልጠኛ ሲወጡ ዕጣ አንሥተው የደረሳቸው ወረዳ ሄዱ፤ መንገድ ስላልነበረ የመጨረሻውን ቀን በበቅሎ ነው የተጓዙት። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረውን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም አስቡት። የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቅ አንድ ዓመት አገር ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛው በየክፍለ ሀገሩ ሄዶ አስተማረ። ጠመኔ ይዞ የማያውቅ ወጣት ነበር። «ልምድህስ?» ብሎ ከበር የመለሰው ግን አልነበረም፤ ልምዱን የሚያገኘው እዚያው ክፍል ውስጥ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበራ። ዛሬ አገር ቤትም ቢሆን ዲግሪውን ይዞ ቅጥር የሚጠብቀው ብዙ ነው። ቢሆንም አንድ ሕዝብ ለጀማሪ መምህሩ የመጀመሪያውን ዓመት መስጠት እንደሚችል ያየነው በገዛ አገራችን ነው።

እዚህ ሪያድም ያንን ዓመት ሊሰጡ የሚችሉ አሉ፤ የሕንዱም፣ የፓኪስታኑም፣ የፊሊፒኑም፣ የሱዳኑም፣ የእኛም ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት አለው። ትምህርት ቤቶቹ ኑሮ እንደከበዳቸው አይጠፋኝም። ከ2009 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በእያንዳንዱ ሙራፊቅ ላይ በወር 100 ሪያል ክፍያ ተጣለ፤ በየዓመቱ እየጨመረ 2012 ላይ 400 ደረሰ። በዓመት 4,800 ሪያል ለአንድ ነፍስ ማለት ነው። ሦስት ልጅ ያለው አባት ምን ያድርግ? ብዙው ቤተሰቡን አገር ቤት ሸኘ፤ የተማሪ ወንበሮች ባዶ ቀሩ። እንዲህ ሲሆን ርእሰ መምህሩ ነገ ጠዋት ክፍል ገብቶ የሚወጣ፣ ማንም የማያግዘው መምህር መፈለጉ አይገርመኝም። ግን እሱ የሚፈልገውን መምህር ማን ያፍራለት? ሁሉም ከሌላው በር ከጠበቀ ነባሮቹ ወደ አገራቸው ሲገቡ ተተኪ የለም።

ከዚህች ልጅ የባሰባቸውም አሉ። የማስተማር ዲፕሎማ ይዘው በቤት ሠራተኛ ቪዛ የመጡ ልጆች አውቃለሁ። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የሠራተኛ ማሻሻያ ለብዙው የግል ድርጅት ሠራተኛ ያለ አሠሪው (ከፊሉ) ፈቃድ ሥራ መቀየርን ሲፈቅድ የቤት ሠራተኛን፣ የግል ሾፌርን፣ አትክልተኛን፣ እረኛን፣ የእርሻ ሠራተኛን አላካተተም። ለእነሱ ጥያቄው ኺብራ ጋ እንኳ አይደርስም። ይህን መንግሥታት ተነጋግረው እንጂ ርእሰ መምህር አይፈታውም። የሙራፊቆቹን ጥያቄ ግን እኛው ልንፈታው እንችላለን።

ቤቴ የመጣችው ልጅ ልምድ የላትም መባሉ ደግሞ ከልቤ ያሳዝነኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኗ ውስጥ የጎረቤት ልጆች ሰብስባ ታስተምራለች። አንድ ቀን ገብቼ ተቀምጫለሁ። ትኩስ ኹብዝ፣ የዓረብ ቂጣ፣ መሶብ ላይ ዘርግታ አራት ቦታ ቆረሰችና አንዷን አንሥታ «ይህ ምን ይባላል?» አለች። «ሩብ!» አሉ በአንድ ድምፅ። አንዱ ብላቴና ብድግ ብሎ «ሚስ፣ ሩብ እኮ ዓረብኛ ነው!» አላት። አልተቆጣችውም፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ሩብ እንደሚሉ ነገረችውና ቁራሹን ሸለመችው። እዚህ ተወልደው በሁለት ቋንቋ መሐል ለሚያድጉ ልጆች እንዲህ ያለ መምህር በገንዘብ አይገኝም። ይህ በየትኛው ፎርም ላይ ይሞላል?

የትምህርት ቤት ቦርድ አባላትና ወላጆች፣ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለአንድ ጀማሪ የረዳት መምህርነት ቦታ ይክፈት። ፈቃዱ በአጂር ይውጣ፤ ደመወዙ ትንሽም ቢሆን ይከፈል፤ መጨረሻ ላይ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይሰጥ። በሙከራ ስም የነጻ ሳምንት መውሰድ ደግሞ ይቁም፤ የሰው ላብ ነው። የመጪው ዓመት ቅጥር በግንቦት ነው የሚያልቀው፤ ነሐሴ መጨረሻ ደወል ሲደወል የሚለምን ሰው የሚሰማው የለም።

ልጅቷ እሑድ ጠዋት ዑለያ አካባቢ ሰባተኛ ትምህርት ቤት ቀጠሮ አላት፤ በ4 ሪያል ሜትሮ ተሳፍራ ትሄዳለች። የሙከራ ትምህርቱ ክፍልፋይ ነው። ስትወጣ በር ላይ ቆም ብላ «እትዬ፣ ሩቡን ያውቁታል፤ ሲሶን ምን ብዬ ላስረዳቸው?» አለችኝ። ከወጥ ቤት አንድ ኹብዝ አምጥቼ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት።