«ገብቷል» ብላችሁ በሩን አትልቀቁት

በባልባላ ለምትኖሩ፣ በፒኬ 12 ለምትነግዱና ለምትደልሉ፣ በደወሌና በጋላፊ ለምትመላለሱ የዕድሜ እኩዮቼ፦

በመካከላችን አንድ አነጋገር በዝቷል። «ተባዩ እንደሆነ ገብቷል፤ ከእንግዲህ ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ፍተሻስ ምን ይፈይዳል?» ይባላል። የሚሉት ልጆች ቢሆኑ ዝም ባልኩ ነበር። የምትሉት ግን እናንተ ናችሁ። ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ቲማቲም የምትቸረችረዋም ሴት፣ ሽማግሌ ያለውን ይዘው ይሄዳሉ። ስለዚህ እናገራለሁ፤ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

ከራሳችን ሰፈር ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2012 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዚህች በጅቡቲ ከተማ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ተገኘች። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ነበር። በ2020 ግን 73,535 ደረሰ። አገር ቤት የምናውቃት የወባ ትንኝ ኩሬና ረግረግ ትሻለች፤ ይህቺኛዋ ግን በርሜልና የውሃ ታንከር ይበቃታል። በባልባላ ደግሞ በርሜል የሌለው ግቢ የት አለ? በ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች፤ ባለሙያዎች ዘረ መሏን ሲመረምሩት ከፓኪስታኖቹ ትንኞች ጋር የቅርብ ዝምድና ነበረው። ድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን ሙሉ የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር፤ በ2022 በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በለጠ። ትንኟ በየት በኩል እንደ ተጓዘች በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ድሬንና ጅቡቲን የሚያገናኘው መንገድና ሐዲድ ግን እኛ የምንበላበት ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ወባ ላወራ አይደለም። በዚሁ መንገድ ስለሚያልፈው የገበሬ ጠላት ላወራ ነው።

እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ዘመድ እንደምንለይ፣ የነፍሳት ሊቃውንትም በዘረ መል እየቆጠሩ የትኛው ተባይ ከየት አገር እንደ ወጣ፣ ስንት ጊዜ እንደ ገባ፣ ከማን ጋር እንደ ተዋለደ ይለያሉ። የማትሰሙኝ ከሆነ እነሱ ያገኙትን ስሙ።

የቲማቲሟን ተባይ፣ ቱታ አብሶሉታ የሚሏትን፣ ታውቋታላችሁ። ቅጠሉን በውስጥ በኩል ትቦረቡራለች፤ ፍሬው ውስጥም ትገባለች። የትውልድ ቦታዋ ደቡብ አሜሪካ ነው። በ2006 ስፔን ላይ ታየች፤ ከዚያ በጥቂት ዓመታት ሜዲትራኒያንን አዳርሳ ኢትዮጵያ ደረሰች። ዘረ መሏ ሲጠና በሜዲትራኒያን ዙሪያ የተሰራጨችው ከአንድ ስፍራ፣ ከመካከለኛው ቺሊ የወጣች ዘር ሆና ተገኘች። ምናልባትም የገባችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ! ደግሞ ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ፓይሬትሮይድ የሚባሉትን መድኃኒቶች የሚያከሽፍ የዘረ መል ለውጥ በአውሮፓም በደቡብ አሜሪካም ከተሰበሰቡት ናሙናዎች በአብዛኞቹ ላይ ታይቷል። በመቂና በዝዋይ ገበሬው ተበድሮ የሚገዛው መድኃኒት ገና ሳይረጭ የተሸነፈው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ገበሬው ሻጩን ሌባ ይላል። ሻጩም ሌባ ሊሆን ይችላል፤ ግን ነገሩ እዚያ አያበቃም።

አሁን ልብ በሉ። መጤ ተባይ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ የቅርብ ዘመዳሞች ይሆናሉ፤ የያዙት የዘረ መል ዓይነትም ጠባብ ነው። የጎደላቸው ነገር አለ ማለት ነው። የጎደለውን የሚያመጣላቸው ሁለተኛው ጭነት ነው፤ ሦስተኛው ነው። ከሌላ አገር የመጣው ከቀደመው ጋር ይዋለዳል፤ አንዱ ብርድ የሚችል፣ ሌላው መድኃኒት የሚችል ከሆነ ሁለቱንም የሚችል ልጅ ይወለዳል። «ገብቷል» የሚለው አነጋገር ይህን አያውቅም። የገባው አንድ ቤተሰብ ነው፤ ሌሎቹ ገና ደጅ ናቸው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ የአሜሪካን ተምች ተመልከቱ። በ2016 መጀመሪያ ናይጄሪያና ጎረቤቶቿ ላይ ታየ፤ በ2017 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በቆሎ ውስጥ ነበር። የእሳት እራቷ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ልትበር ትችላለች፤ እሷን ማንም ኬላ አያስቆማትም፤ ይህን አልክድም። ውቅያኖስን ግን ያሻገራት ሳይሆን አይቀርም የሚባለው የሰው ጭነት ነው። የአፍሪካው ተምች ዘረ መል ሲታይም በአሜሪካ አህጉር ካለው ጥቂቱ ብቻ ነው የተገኘበት። በፖርቶ ሪኮ ያለው ተምች፣ ተባይ እንዲገድል ተብሎ ዘረ መሉ የተለወጠውን በቆሎ ሳይቀር ተላምዷል፤ በአፍሪካ በተደረጉት የመጀመሪያ ጥናቶች ያ ዓይነት ለውጥ አልተገኘም። እዚያ ማዶ ያለ፣ እዚህ ያልታየ ክፋት ማለት ይህ ነው። አንድ ኮንቴይነር ይበቃዋል።

ማንጎውስ? በምሥራቅ ወለጋ በ2010 የታየው ነጩ የማንጎ ተባይ ከውጭ ከመጣ ችግኝ ጋር እንደ ገባ ይታመናል፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ ቦታዎች ተዛመተ። ክንፍ የሌላት እናቲቱ ቅጠሉ ላይ ተጣብቃ ነው የምትኖረው፤ በእግሯ ወለጋ አልደረሰችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። አንዳንዱ «መጤ» ሲባል ወደ እኛ ወደ ሰዎቹ ይመለከታል። ባልባላ ራሷ ፈረንሳዮች በ1960ዎቹ ከተማዋን በሽቦ አጥር ሲያግዱ ከአጥሩ ውጭ በቀረ ሕዝብ የቆመች ሰፈር ናት፤ አጥር ሰውን ምን እንደሚያደርግ እኛን የሚያስተምረን የለም። የምናገረው ስለ ነፍሳት ነው፤ ሰውን ከትል ጋር የሚያነጻጽር ካለ ከራሱ ጋር አይቁጠረኝ።

ወደ እናንተ ልመለስ፤ የምወቅሳችሁ በስም አይደለም፤ ሥራውን የምትሠሩት ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ከሐረርጌ ድንችና ሽንኩርት፣ ከስምጥ ሸለቆ ቲማቲም ጭነው የሚወርዱት መኪኖች ሲመለሱ ባዶውን የፕላስቲክ ሳጥን ሳያጥቡ ይዘውት ይወጣሉ። ቱታ የምትወደው መጓጓዣ ይኸው ነው፤ ገና ክንፍ ያላወጣችው ሙሽሬዋ በሳጥኑ ስንጥቅ ውስጥ ተቀምጣ ወደ እርሻው ትመለሳለች። የበሰበሰውን ፍሬ መንገድ ዳር የምትደፉትም እንደዚያው። ከባሕረ ሰላጤው አገር የተምር ችግኝ በሻንጣ አስገብታችሁ ለአሳይታ ዘመድ በስጦታ የምትልኩ፣ ቀዩ የዘንባባ ነቀዝ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዚያ አካባቢ ተምሩን የፈጀው በእንዲህ ያለ ችግኝ እየተጓዘ እንደሆነ እወቁ፤ ነቀዙ ግንዱ ውስጥ ስለሚኖር ችግኙን አገላብጣችሁ ብታዩ አታገኙትም። ስም የሌለው መድኃኒት በውሃ ጠርሙስ ቀድታችሁ ለገበሬ የምትሸጡ ደግሞ ከሁሉ የከፋችሁ ናችሁ። ደካማ መድኃኒት ደካማውን ገድሎ ጠንካራውን ለዘር ያስቀራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማሳውን የሚወርሰው የእሱ ልጅ ነው።

«የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ገንዘብ ማውጫ ነው» ትላላችሁ። ለአንዳንዱ ሠራተኛ እንደዚያ ሊሆን ይችላል፤ ወረፋውም ሰልችቶኛል። ነገር ግን ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚህች ወደብ ነው። እዚህ የላላ ኬላ ሐረርጌን፣ አፋርን፣ አርሲን የላላ ያደርጋል። እኛ ደግሞ ቲማቲሙም ጫቱም ከዚያው የሚመጣልን ሰዎች ነን።

ሳጥኑ በሳሙናና በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ ፀሐያችን ለማድረቅ አትሰንፍም። ችግኝ፣ ግንድና አፈር ያለ ወረቀት በማንም መኪና አይጫን፤ የወንድሜ ልጅ ቢሆንም አይጫን። የማታውቁት ነፍሳት ጭነት ውስጥ ካያችሁ በጫማ አትጨፍልቁት፤ ከፋርማሲ በሚገዛ ንጹሕ አልኮል ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ ክተቱት። የተገኘበትን ቀን፣ ቦታና ጭነቱ የመጣበትን አገር ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉና አብራችሁ ጨምሩት፤ ቀለም አልኮሉ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ለግብርና ሰዎች ወይም ለኳራንቲን ሠራተኛ ስጡት። ዘሩን ቆጥሮ ከየት እንደ መጣ የሚናገረው ያ ጠርሙስ ነው።