«ታሽጓል» መድኃኒት አይደለም

የግል ሐኪም ቤቶች ቁጥጥር ነገር ሲነሣ ሁለት ወገን ይጮኻል። አንዱ «ነጋዴዎች ናቸው፤ ዝጓቸው!» ይላል። ሌላው «መንግሥት እጁን ያንሣ፤ ገበያው ይዳኛቸዋል» ባይ ነው። እኛ ሁለቱንም እንቃወማለን። ሁለቱም ስለ ባለቤቱ ሲሟገቱ በሽተኛውን ረስተውታልና።

በሽተኛው ማነው? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የካፋ ዞን ሕዝብ 874,716 ነበር፤ ከመቶው 92ቱ ባላገር። በአገሪቱ የጤና መዋቅር አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ያገለግላል። እንግዲያ የቦንጋው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ለዞኑ ይበቃል ማለት ነው፤ በወረቀት! በሽተኛ ግን ወረቀት ላይ አይተኛም። ወረፋ ሲረዝም፣ መድኃኒት ሲታጣ ለባላገሩ የሚቀረው ወይ የግል ክሊኒክ ነው፣ ወይ ጎጀብን ተሻግሮ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ጅማ መጓዝ። ያም ቡናውን ገና በዛፉ ሳለ ሸጦ።

ሕጉስ? በደርግ ዘመን ታፍኖ ለነበረው የግል ሕክምና የ1986ቱ የጤና ፖሊሲ በር ከፈተ። አዋጅ ቁጥር 661/2002 የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ተቋማትን ቁጥጥር በአንድ ጥላ ሥር ሰበሰበ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባለሥልጣኑን ወደ ምግብና መድኃኒት ሲመልሰው፣ የጤና ተቋማት ጉዳይ ለጤና ሚኒስቴርና ለክልል መዋቅሮች ቀረ። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ክልል ሲመሠረትና ቦንጋ የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ስትሆን፣ «አለቃው ሩቅ ነው» የሚል ሰበብ አበቃ።

ነገሩ የሚጎረብጠን እዚህ ላይ ነው። ሆስፒታል የሚያስተዳድረውም፣ ለተፎካካሪው ፈቃድ የሚሰጠውም ያው መንግሥት ነው። ተወዳዳሪም ዳኛም! የግሉ ሲጎድለው በሩ ይታሸጋል፤ የመንግሥቱ ሲጎድለው ደብዳቤ ይጻፍለታል። የመንግሥቱ ይታሸግ አንልም፤ ሕዝቡ የት ይሂድ? ግን ይኸው ጥያቄ ለግሉም በሽተኛ አይነሣም እንዴ?

ደግሞስ የሚለካው ምንድነው? የክፍል ስፋት፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የባለሙያ ቁጥር። እነዚህ ያስፈልጋሉ፤ አልካድንም። ነገር ግን በአዲስ አበባ በስልክ የሚጠራ ስፔሻሊስት ቦንጋ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ይህን ያላየ መመዘኛ የሚወልደው ለፍተሻ ቀን ብቻ የሚመጣ ባለሙያና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምስክር ወረቀት ነው። ሕፃኑ ትክክለኛውን መድኃኒት አገኘ ወይ? መርፌው ንጹሕ ነበር ወይ? ይህን ማን ጠየቀ?

ቱጃሩም አይፈንድቅ! ቲማቲም ገበያ ላይ ተጨብጦ፣ ታይቶ ይገዛል። የታዘዘለት ምርመራና መርፌ አስፈላጊ ይሁን አይሁን ግን በሽተኛው በምን ያውቃል? ስለዚህ ያለ ቁጥጥር ገበያ የሚሉት ነገር ዘረፋ ነው።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይሉን ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2016 እና 2017 በካካሜጋ፣ በኪሊፊና በሜሩ አውራጃዎች ከ1,000 በላይ የመንግሥትም የግልም ተቋማት በጥናት ውስጥ ገብተው ነበር። በአንድ ዓይነት መመዘኛ በተደጋጋሚ የተፈተሹት ካልተፈተሹት ይልቅ የበሽተኛ ደኅንነት አጠባበቃቸው ተሻሻለ። ጥፋቱም እንደ ክብደቱ በደረጃ የጊዜ ገደብ ይሰጠው ነበር።

እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። አንድ፦ ተቆጣጣሪው ከአስተዳዳሪው ይለይ። ሁለት፦ የመንግሥቱም የግሉም የፍተሻ ውጤት፣ ዋጋውም ጭምር፣ በሩ ላይ በአማርኛና በካፊኛ ይለጠፍ። ሦስት፦ ነፍስ ለሚያጠፋ ጥፋት በሩ ወዲያው ይዘጋ፤ ለሌላው ማረሚያ ቀን ይቆረጥ፤ ሲዘጋም በሽተኛው የት እንደሚታከም አስቀድሞ ይነገረው።

በሩን አሽጎ መሄድ ቀላል ነው። ከበሩ ውጭ የቀረውን ሰው ማከም ነው ሥራው!