አሥራ ሁለት ዓመት የተማርነውን እንግሊዝኛ በዶላር መልሰን እንግዛ?

«ያለ ቶፍል፣ ያለ አይኤልትስ አሜሪካ ገብተው ይማሩ!» የሚል ማስታወቂያ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ይኖራል? በየስልክ እንጨቱ ተለጥፏል፤ በየቴሌግራሙ ይዞራል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። የጎደለው እውነቱ ብቻ ነው። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና የጎደለውን ልሙላው። የሚከፋው ይክፋው!

ለመሆኑ ያለ ፈተና የሚያስገባው በር የቱ ነው? «ኢንቴንሲቭ ኢንግሊሽ» የሚሉት ነው። እንግሊዝኛው ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም የተባለ የውጭ አገር ተማሪ ዋናውን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቋንቋ ብቻ የሚማርበት ፕሮግራም ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ኢንስቲትዩቱን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ደህና አድርገው የሚያስተምሩ እንዳሉም አልክድም። ሌክቸር እየሰሙ ማስታወሻ መያዝን፣ የሰው ሐሳብ ሳይሰርቁ ምንጭ ጠቅሶ መጻፍን፣ ክፍል ውስጥ ተነስቶ መከራከርን ያስተምራሉ። ከትምህርቱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአሻሻጡ ጋር ነው።

እስቲ እንተሳሰብ!

አንደኛ፣ ደብዳቤው። ወላጅ የዩኒቨርሲቲ ስም ያለበት «ቅድመ ሁኔታ ያለው ቅበላ» የሚል ወረቀት ሲመጣለት እልል ይላል። ወረቀቱ የሚለው ግን «ቋንቋውን ስትጨርስ እንቀበልሃለን» ነው። ላም አለኝ በሰማይ! የአሜሪካ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለውን ቅበላ ይዘው ለዲግሪ ትምህርት አይ-20 እንዳይሰጡ ከልክሏል። ስለዚህ ልጁ ይዞት የሚሄደው አይ-20 የቋንቋ ብቻ ነው። ለዲግሪው ሌላ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ጊዜው። በኤፍ-1 ቪዛ የገባ የቋንቋ ተማሪ ትምህርቱ በዋናነት የክፍል ውስጥ ከሆነ በሳምንት ቢያንስ 18 ሰዓት መማር ግዴታው ነው። ይህ ሁሉ ሰዓት በአብዛኛው ለዲግሪው አንድ ክሬዲት እንኳ አይቆጠርለትም። ዓመቱ አለቀ፣ ዶላሩ አለቀ፣ ዲግሪው ገና አልተጀመረም!

ሦስተኛ፣ ሥራው። «እየሠራ ይከፍላል» ይላሉ ደላሎቹ። ውሸት ነው! ለዲግሪ ተማሪዎች ከትምህርታቸው ጋር የተያያዘ የሥራ ልምምድ ፈቃድ ይሰጣል፤ ለቋንቋ ተማሪ ግን ሕጉ ጨርሶ አይፈቅድም። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ ልጅ ሕጋዊ ተማሪነቱን ያጣል። ያኔ ደላላው ስልክ ያነሳል ብላችሁ ነው?

አራተኛ፣ ቪዛው። የማመልከቻው 185 ዶላር፣ የተማሪዎች መመዝገቢያው 350 ዶላር፣ በጠቅላላው ቢያንስ 535 ዶላር ገና ከቤት ሳይወጣ ይከፈላል። ቆንስሉ ቢከለክል ገንዘቡ አይመለስም። ዶላር ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ገበያው ይወስነው ከተባለ ወዲህ፣ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ እንደዘለለ ኪሳችን ያውቀዋል።

የሩቅ ሰው ታሪክ አላወራም። የእህቴ ልጅ በአንድ ኤጀንሲ በኩል ወደ አንድ የቋንቋ ማዕከል ሄደ። «ሁለት ተርም ይበቃዋል» ተብሎ ነበር። ሁለተኛውን ሲጨርስ «አንድ ደረጃ ይቀርሃል» አሉት። ሦስተኛውን ሲጨርስም «ጽሑፍህ ገና ነው» አሉት። በየተርሙ የሚከፍለው ዋሽንግተን ሌሊት ፓርኪንግ የሚጠብቀው አጎቱ ነው። አስተማሪው ማዕከሉ፣ ፈታኙ ማዕከሉ፣ ገንዘብ ተቀባዩም ማዕከሉ! ልጁ ቶሎ ካለፈ ማን ይከስራል? ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በንጉሥ አብደላ ስኮላርሺፕ ተማሪዎቿን ስትልክ የቋንቋውንም ወጪ የቻለው የመንግሥት ካዝና ነበር። የኛን ልጅ የሚችለው የአጎቱ ወገብ ነው።

ግን ሁሉንም በፈረንጅ ላይ ማላከክ አይገባም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል! አጥሩን የቀደድነው እዚሁ ነው። ልጆቻችን እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ይማራሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ሂሳቡም በእንግሊዝኛ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየክፍሉ ፕላዝማ ተሰቅሎ ነበር። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይከንፋል፣ ልጁ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱ ያልፋል፣ አስተማሪው ቆሞ ያያል! በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም። ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋ ነው አልልም። ነገር ግን ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ከየት ያምጣ? ከዚያ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሬሜዲያል ከፈቱ፤ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ እንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ የኛም መንግሥት «ኢንቴንሲቭ» ከፈተ ማለት ነው፤ ያውም ለራሱ ተማሪ፣ ራሱ አሥራ ሁለት ዓመት ላስተማረው!

ታዲያ ምን ይደረግ?

ወላጆች ሆይ፣ ቤት ከመሸጣችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አይ-20ው የዲግሪ ነው ወይስ የቋንቋ? ማዕከሉ እውቅና አለው ወይ? የመጨረሻውን ደረጃ ያለፈ ተማሪ ያለ ቶፍል እንደሚገባ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በጽሑፍ ያረጋግጣል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ኤፍ-1 ተማሪ የሚቀበሉ የቋንቋ ፕሮግራሞች እውቅና እንዲኖራቸው ያስገድዳልና ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። ልጁ እዚሁ ተዘጋጅቶ ቶፍል ወይም አይኤልትስ ቢወስድ፣ ሁለቴ እንኳ ቢወድቅ፣ የፈተናው ክፍያ የአንድ ተርምን ወጪ አይደርስበትም። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት መሆኑን ብቻ አትርሱ።

ዲያስፖራ ወገኖቼ፣ ገንዘባችሁን ለደላላ አትላኩ። ደብዳቤውን አስልኩና ራሳችሁ ለዩኒቨርሲቲው ደውሉ። እዚያው ናችሁ፤ አንድ ስልክ ነው።

ትምህርት ሚኒስቴርስ? የ9ኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፉን አንብቦ እንዲረዳ ማድረግ ካልቻለ ወይ መምህሩን ያሰልጥን፣ ወይ ልጁን በሚገባው ቋንቋ ያስተምር። ሁለቱንም ትቶ ዝም ባለ ቁጥር በየስልክ እንጨቱ ላይ አንድ ማስታወቂያ ይጨመራል። የደላላው ምርጥ ደንበኛ አምጪ ማን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?