መኪናው ሰርቪስ አለው፣ ሹፌሩስ?

በቀደም አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የኩላሊት ጠጠር አሟቸው መጡ። ቤታቸው ጋቢናው ነው፤ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ይተኛሉ። «ጋሼ፣ ዘይት የቀየሩት መቼ ነው?» ስላቸው ከነኪሎ ሜትሩ ነገሩኝ። «ግፊትዎንስ የተለኩት?» ስላቸው ሳቁ። ለካኋቸው፤ 170/100! ሕመሙ ካለፈ በኋላ በሌላ ቀን ስንለካም አልወረደም። እሳቸው ግን ምንም አልተሰማቸውም ነበር።

እኔ ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይመስለኝም። ባለንብረቱ ለሞተሩ ቀን ይቆርጣል፤ ለሹፌሩ የሚቆርጥ ማን አለ? የግፊትና የስኳር ምርመራ እንደ ዘይት ቅያሪ የሥራው አካል መሆን አለበት ባይ ነኝ።

እስከዚያው ሹፌሮቻችን፦

✅ ለሽንት ላለመቆም ብላችሁ ውሃ አትቀንሱ። በአፋር ሙቀት ላይ ውሃ ሲያንስ ጠጠር ይመጣል። ሽንታችሁ ከጠቆረ ውሃ አንሷችኋል ማለት ነው።

✅ በየሁለት ሰዓቱ ወርዳችሁ ተራመዱ። ብዙ መቀመጥ እግር ላይ ደም ያረጋል።

❌ ጋቢና ውስጥ ከሰል አታንድዱ፤ የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም።

ሹፌር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ «በሰላም ግባ» ስትሉት «ግፊትህን ተለካ» የምትለዋን ጨምሩበት። ሼር አድርጉላቸው። መልካም ጤና!