ውሃው ቤት ሳይገባ

ግንቦት እየተገባደደ ነው። የሰኔ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ጣሪያ ላይ መውጣትም፣ ቦይ መቆፈርም፣ ሠራተኛ ማግኘትም ይከብዳል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የማወራችሁ ቤታችንን ከውሃ ስለ መጠበቅ ነው። ምሳሌ የማደርገው የጓሳን አካባቢ ነው። ዝናቡም ውርጩም ቤትን የሚፈትንበት የመንዝ ደጋ ስለሆነ፣ እዚያ የሚጠቅመው ለደብረ ብርሃንም ለአዲስ አበባም ይጠቅማል።

ጓሳ ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አገር ነው። ስሙን የሚጋራው ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበት ጌሳም ይሠራበታል። የአካባቢው ሰው ሣሩን ለዘመናት የጠበቀው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነበር፤ ጊዜው ደርሶ እስኪፈቀድ ድረስ ማንም ማጭድ አያነሳም። ሥርዓቱ ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ማኅበረሰቡ ዛሬም ጓሳን በራሱ ደንብ ይጠብቃል። አባቶቻችን የክዳኑን ሣር ከዝናቡ ቀድመው ያስቡበት ነበር። እኛም ጥገናን ከዝናቡ በፊት እናስብ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ከላይ እንጀምር። የሣር ክዳን ያላችሁ በቀን ብርሃን ቤት ገብታችሁ በሩን ዝጉና ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ውሃም ያስገባል። ቆርቆሮ ከሆነ መጀመሪያ የሚፈተሸው ምስማሩ ነው፤ የላላውን አጥብቁ፣ ሥሩ ያለው ጎማ የደረቀውን ቀይሩ። አሸንዳውን ከቅጠልና ከአፈር አጽዱ። አያቶች ግን ከታች ሆናችሁ አሳዩ እንጂ መሰላል ላይ አትውጡ።

ቀጥሎ መሬቱን እንይ። በመንዝ ብዙው የድንጋይ ግድግዳ የተያያዘው በጭቃ ነው። ጭቃው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይጸናል፤ ውሃ ሥሩን ካገኘው ግን እየታጠበ ይሄዳል፣ ግድግዳውም ይነፋና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከቤቱ በላይ በኩል፣ ጎርፉ በሚመጣበት፣ ቦይ ቆፍራችሁ ውሃውን በጎን አሳልፉት። የአሸንዳው ውሃ ግድግዳ ሥር አይውደቅ፤ የልብስና የዕቃ እጣቢም እዚያ አይደፋ። ወለሉ የረጠበ ቤት ውስጥ በብርዳማ ሌሊት የሚቸገሩት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው።

ከተማ ውስጥ ምድር ቤት ያላችሁም ነገሩ ያው ነው። ግድግዳው ሲረጥብ ቀለም ብቻ መቀባት ውሃውን አያስቆመውም፤ ከውጭ ወዴት እንደሚፈስ ፈልጉ፣ የፍሳሽ መውረጃውን ወንፊት በየጊዜው አጽዱ። እህልና ልብስ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ውሃ ከገባ ደግሞ መብራቱ ከዋናው ሳይጠፋ ማንም እንዳይረግጠው።

ሦስተኛው የቧንቧ ውሃ ነው። የተደበቀ ፍሳሽ መኖሩን ለማወቅ ማታ ቧንቧዎችን ሁሉ ዝጉ፣ የሮቶው መሙያም ይዘጋ፤ ከዚያ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይከፍት እንደገና ተመልከቱ። ቁጥሩ ከተቀየረ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። መጸዳጃ ቤት ያለውን የውሃ ገንዳም አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ የሚያፈስ እሱ ነው።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ማሰሮ ወይም ጆግ አስቀምጡና ሰዓት ያዙ። በአንድ ሰዓት አንድ ሊትር ከሞላ፣ በቀን 24፣ በ30 ቀን 720 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 36 ማለት ነው። ውሃ በጀርባዋ ተሸክማ ያደገች እናት ይህ ስንት መንገድ እንደሆነ ታውቀዋለች። ብዙ ጊዜ የሚያድነው ግን አንዲት ትንሽ ጎማ መቀየር ብቻ ነው።

በደጋው አገር ከክረምቱ በኋላም ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት የበጋ ሌሊቶች ውርጩ ሲበረታ፣ ከመሬት በላይ የተዘረጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ይሆናል። ውሃ በረዶ ሲሆን በመቶ 9 ገደማ ይሰፋልና ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ከተቻለ ቧንቧውን ቅበሩት። ካልሆነ በጆንያ ጠቅልላችሁ፣ እንዳይረጥብ በላዩ ላስቲክ አልብሱት። ማታ ዋናውን መዝጊያ ዘግታችሁ የደጁን ቧንቧ በመክፈት ውሃውን አፍስሱት። በረዶ ከያዘ በእሳት አታቅልጡት፤ ቧንቧውን ክፈቱና በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጠቅልሉበት።

በመጨረሻ አንድ ነገር አደራ። በቤታችሁ ያለ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንዳለና ወዴት እንደሚዞር ይወቅ። በዚህ ቅዳሜ ይዛችኋቸው ውጡ፤ በገዛ እጃቸው ይዝጉት፣ ይክፈቱት። ትልልቆቹ ቤት በሌሉበት ቀን ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ቤቱን የሚያድነው ቀድሞ የደረሰው ልጅ ነው።